ታሽጎ ስለተቀመጠው የካርድ ቁጥሮች መዝገብ

ቀን፦ የካቲት 9

ለባንኩ የኤሌክትሮኒክ ክፍያ መምሪያ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የተዘጋብኝ የካርድ ክፍያ ገጽ እንዲከፈትልኝና ለአማቴ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ እንዲጻፍላቸው ስለመጠየቅ

እኔ አመልካች በመኖሪያ ቤቴ የፊት ክፍል ውስጥ፣ በሁለት የስፌት መኪና የወገብና የአንገት መደገፊያ ትራስ እየሰፋሁ በድረ ገጽ የምሸጥ ነኝ። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ከሩቅ ከተማ ስለሚያዙ በኢንተርኔት በክሬዲት ካርድ ካልከፈሉኝ ሌላ መንገድ የላቸውም። መምሪያዎ የክፍያ ገጼን ከዘጋው ዛሬ አሥራ አንድ ቀን ሆነው። በደረሰኝ ማስጠንቀቂያ መሠረት በአሥራ አምስተኛው ቀን ለዘለቄታው ይሰረዛል። አራት ቀን ብቻ ስለቀረኝ ነገሩን ከሥሩ ለማስረዳት ተገድጃለሁ።

1. ሱቄን ስከፍት ደንበኛ አልጠፋም። ትራሱን መርጦ፣ ቀለሙን መርጦ፣ አድራሻውን ሞልቶ፣ ልክ የካርድ ቁጥር የሚጠየቅበት ቦታ ሲደርስ ግን እግሬ አውጪኝ ይላል። መምሪያዎ ለነጋዴዎች ባደለው መመሪያ ላይ ያለውን የማረጋገጫ ጽሑፍ እንዳለ ገልብጬ ለጠፍኩ፦ «የካርድዎ መረጃ ከጫፍ እስከ ጫፍ በተመሰጠረ መስመር ይተላለፋል።» ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነብኝ። አንዲት ደንበኛ እንዲያውም ደውለው «የእኔ ጫፍ የትኛው ነው? አሁን ክፍት ነው እንዴ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

2. በዚህ ጊዜ አማቴ «ስልኩን ለእኔ ተይው» አሉ። አማቴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ሠላሳ አንድ ዓመት አገልግለው ጡረታ የወጡ ሲሆን፣ ሰፈሩ «እትዬ ማህተም» ይላቸዋል። በቤታችን የመብራት ደረሰኝ እንኳ ገቢ ቁጥር ሳይሰጠው መሳቢያ አይገባም። ባለቤቴ እኔን ሊያገባ መሆኑን በነገራቸው ዕለት «በጽሑፍ አቅርበውና አየዋለሁ» ማለታቸው በቤተሰቡ ዘንድ የታወቀ ነው።

3. ለሁለት ቀን ያንኑ ጽሑፍ በስልክ እያነበቡ ሰው አረጋጉ። በሦስተኛው ቀን አንድ ደንበኛ «ቁጥሬን የሚይዘው ማን ነው?» አሏቸው። አማቴ ውሸት አይወዱምና «እኔ አልይዘውም፤ ምራቴም አታየውም» ብለው መለሱ። «ታዲያ ማን ጋ ነው የሚቀመጠው?» ሲባሉ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩና «ያላየሁትን እንዴት አድርጌ ነው የምጠብቀው?» አሉኝ። ትራስ እየሞላሁ ስለነበር ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት የነበረብኝ ያኔ ነበር።

4. በማግሥቱ መዝገብ ከፈቱ። ተራ ቁጥር፣ የባለካርዱ ስም፣ የካርዱ ቁጥር፣ የሚያበቃበት ቀን፣ በመጨረሻም ከካርዱ ጀርባ ያሉት ሦስት ቁጥሮች። እነዚህኞቹ «ጥብቅ ምስጢር» ስለሆኑ በቀይ እስክሪብቶ። ደንበኛው እንደ ደንቡ በድረ ገጹ ራሱ ይከፍላል፤ ቁጥሩን ደግሞ በስልክ አማቴ ጋ በአደራ ያስመዘግባል። መዝገቡ ሁለት ቁልፍ ባለው የብረት ሳጥን ይቆለፋል። አንዱ ቁልፍ አንገታቸው ላይ ነው፤ ሁለተኛው የት እንዳለ እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ የትእዛዝ መዝገብ መስሎኝ ነበር። ሽያጬ በሦስት ሳምንት ሦስት እጥፍ ሲሆን ደግሞ፣ እኔ ሞኟ፣ በስፌቴ ጥራት መስሎኝ ተኩራራሁ።

5. የመምሪያዎ ተቆጣጣሪ ለጉብኝት በመጡ ዕለት አማቴ በኩራት ሳጥኑን ከፍተው መዝገቡን አሳዩዋቸው። ተቆጣጣሪው ቀዩን እስክሪብቶ ሲያዩ የትራስ መሙያው ክምር ላይ ቁጭ አሉና ውሃ ለመኑ። ትንሽ ሲረጋጉ መዝገቡ አሁኑኑ ይቀደድ አሉ። አማቴም «ደብዳቤ ይዘሃል ልጄ?» አሏቸው። ተቆጣጣሪው ስልካቸውን አውጥተው መመሪያውን አሳዩ። «ይሄማ ማህተም የለውም» ተባሉ፤ ሳጥኑም ተቆለፈ። ተቆጣጣሪው ከመንገዱ ጫፍ ሳይደርሱ የክፍያ ገጼ ተዘጋ።

6. ተቆጣጣሪው ተሳስተዋል አልልም። የሰው ካርድ ቁጥር ደብተር ላይ መጻፍ ከባድ ጥፋት መሆኑን አምናለሁ። አማቴንም እንዲህ ስል ጠየቅኋቸው፦ «መዝገብ ቤት ሳሉ ምስጢር የሚል የታሸገ ፖስታ ሲመጣ የሚመዘግቡት ፖስታውን ነበር ወይስ ውስጡን?» «ፖስታውን ነዋ! ቀድጄ እስር ቤት ልግባ?» አሉ። ካርዱም እንደዚያው ነው አልኳቸው፤ ቁጥሩ ከደንበኛው እጅ ታሽጎ ይወጣል፣ የሚከፈተው ባንኩ ጋ ነው፣ ለእኛ የሚነገረን ፖስታው መድረሱ ብቻ ነው። «ምነው ይሄን ቀድመሽ ብትነግሪኝ? ሠላሳ ስምንት ፖስታ ቀድጃለሁ ማለት እኮ ነው» አሉና እንባቸው መጣ። የማንንም ሳንቲም ያልነካ ሰው በጥንቃቄው ብዛት ጥፋተኛ ሲሆን ማየት ያማል። እወዳቸዋለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ስልኩ አጠገባቸው ቢጮህም አያነሱትም።

7. አሁን መዝገቡ እንዲቃጠል አማቴ ራሳቸው ይፈልጋሉ። ነገር ግን ማህተም ያለበት ደብዳቤና የሦስት ሰው ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ሳይኖር መዝገብ አይወገድም ብለዋል። ደብዳቤውን መምሪያዎን ብጠይቅ «ወረቀት መጠቀም አቁመናል» የሚል መልስ በኢሜይል ደረሰኝ። አትሜ ለአማቴ ሰጠኋቸው። «ይሄ የደብዳቤ ፎቶ ነው» ብለው መለሱልኝ። ሳጥኑን ሰብረሽ አቃጥይው ያሉኝም አሉ። አማቴን ሰርቄ ለደንበኛ «አይሰረቅም» የምለው በምን አፌ ነው?

ስለዚህ ክቡርነትዎ፦

ሀ) ቁጥር፣ ቀን፣ ፊርማና ክብ ማህተም ያለበት፣ መዝገቡ እንዲወገድ የሚያዝ አንድ ገጽ ደብዳቤ እንዲጽፉልን፤

ለ) ለአስወጋጅ ኮሚቴው አንድ ተወካይ እንዲመድቡልን (ሁለቱ አባላት ባለቤቴና ምድጃውን የፈቀደልን የሰፈራችን ዳቦ ጋጋሪ ናቸው)፤

ሐ) አራቱ ቀን ሳያልቅ የክፍያ ገጼ እንዲከፈትልኝ፤

መ) በመመሪያው ላይ ያለው የማረጋገጫ ጽሑፍ አማቴ ባረቀቁት እንዲተካ እለምናለሁ። እንዲህ ይላል፦ «የካርድዎን ቁጥር እኛ አናየውም። ያላየነውን ልንጥለውም፣ ልንሰርቀውም፣ ለጎረቤት ልናወራውም አንችልም።» ስለ ጫፉ ለጠየቁኝ ደንበኛ ባነብላቸው «አሁን ገባኝ» ብለው ሁለት ትራስ ሊያዙ የገጹን መከፈት እየጠበቁ ነው።

8. በመጨረሻ አንድ ነገር ልጨምር። አማቴ የማንንም ባለካርድ ስም አይነግሩኝም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስም ሳይጠሩ፣ እየሳቁ ያጫወቱኝ አለ። ተራ ቁጥር 29 ላይ ያሉት ደንበኛ የማረጋገጫው ጽሑፍ ሲነበብላቸው «እሱን እንኳ ያጻፍኩት እኔው ነኝ፤ ለማንኛውም እርስዎ ጋ ይመዝገብልኝ» ብለዋል። የመላኪያ አድራሻ የምጽፈው ደግሞ እኔ ነኝ። ከሠላሳ ስምንቱ ወደ ባንክ የሄደው አንድ ጥቁር የቆዳ ወገብ መደገፊያ ብቻ ሲሆን፣ የተላከውም ለባንኩ ዋና ሕንፃ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ከኮሪደሩ መጨረሻ ወዳለው ቢሮ ነው።

ዝም አይነቅዝም እንዲሉ፣ ለማንም አልተነፈስኩም። መዝገቡ እስኪቃጠል ግን የእኚህም ሰው ሦስት ቁጥሮች በቀይ እንደተጻፉ ናቸው። ክቡርነትዎ ከመወሰንዎ በፊት ወንበርዎ ላይ ደገፍ ብለው እንዲያስቡበት በትሕትና እጠይቃለሁ። ትራሱ እንደሚመች አውቃለሁ፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ለወገብዎ ጤና ከመመኘትና ከሰላምታ ጋር፣

(ፊርማ)
ትራስ ሰፊዋ

ግልባጭ፦ የለውም። አማቴ በእጃቸው አሽገው «ምስጢር» ብለውበታል።