ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር

ቅዳሜ፣ የካቲት 11/64፣ ጠዋት፣ መርሳ

መዲናን አልጋው ጫፍ ላይ በሆዷ አስተኝቼ፣ ጭንቅላቷን ቁልቁል አድርጌ ጀርባዋን በመዳፌ እመታለሁ። ሳንባዋ ላይ የተጣበቀው አክታ የሚላቀቀው እንዲህ ነው፤ አ.አ. ያለው ዶ/ር ነው ያሳየኝ። ገና ሳልጨርስ ከጎረቤት ሁለት ሽማግሌ በሩ ላይ። አስተማሪ ሆነሽ የሰባት ዓመት የታመመች ልጅ እንዴት ትደበድቢያለሽ ሊሉኝ ነው የመጡት። ተቀመጡ እንኳ አላልኩም። ነውር ነው፣ አውቃለሁ። ይሁን!

ንዴቴን ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር፣ ደብተር?

ረቡዕ፣ የካቲት 15፣ ግራና

ሥራ እዚህ፣ ልጅ እዚያ። ወደዚህ ት/ቤት ካዛወሩኝ ወዲህ ከሰኞ እስከ ዓርብ የማድረው በኪራይ ቤት ነው። ልጄ ታማለች ብዬ አመለከትኩ። የማይታመም ልጅ የት አለ አሉኝ። ሳቁም።

መዲና መርሳ ከአማቴ ከእመት ዘሃራ ጋር ናት። መድኃኒቱንም የሚሰጧት እሳቸው ናቸው። የበሽታውን ስም ዶ/ሩ ጽፎ ሰጥቶኛል፤ ሲስቲክ ፋይብሮሲስ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስስማት ጨው ጨው ትል እንደሆነ ነበር። ትላለች። ከተወለደች ጀምሮ።

ቅዳሜ፣ የካቲት 18፣ መርሳ

ከስታለች። ሆዷ ተነፍቷል፣ እግሯ ግን እንጨት። ከንፈሯና ምላሷ ቆስሏል። ይህ ደግሞ ከየት መጣ?

አዲስ የበቀሉት የፊት ጥርሶቿም ቢጫ ናቸው። ሳል ሲብስባት የምትወስደው ቴትራሳይክሊን ነው። ዶ/ሩ አልደበቀኝም፤ የሳንባዋን ጀርም ይገድላል፣ በማደግ ላይ ያለ ጥርስን ግን ቢጫ ያደርጋል። በወተት አትስጫት፣ ወተት ያከሽፈዋል ብሎኛል። ጥርስ ወይስ ሳንባ? ምርጫ ነው ይሄ? መዲና መስታወት አየችና አፏን በእጇ ከደነች። መስታወቱን ማን ላይ ልወርውረው?

እሑድ፣ የካቲት 19፣ ጠዋት

ጉድ ስማ። ቁርስ አቀረብኩ፤ የምግብ መፍጫውን ካፕሱል ከፍቼ ዱቄቱን ልነሰንስ ስል መዲና ጠዋት ወስጃለሁ እኮ አለችኝ። እመት ዘሃራ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ በባዶ ሆዷ፣ በማር ለውሰው ያልሷታል። የቀኑን በሙሉ! በአንዴ! ከተዛወርኩ ጀምሮ እንዲሁ ነው። ቅዳሜና እሑድም መድኃኒቱን ለእሳቸው ትቼ ነበርና አላየሁም።

ስንቴ ነገርኳቸው! ቆሽቷ ምግብ የሚፈጨውን ፈሳሽ ወደ አንጀቷ አያደርስም፤ መንገዱ ተደፍኗል። የበላችው ቅባት እንዳለ ይወጣል። ዱቄቱ የዚያን ፈሳሽ ሥራ ይሠራል። ስለዚህ ከምግብ ጋር፣ ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር። ትኩስ ነገር ላይ አይደረግም፣ ሙቀት ያበላሸዋል። የሚፈጨው ምግብ ካላገኘና አፍ ውስጥ ከቆየ የአፏን ሥጋ ይበላል። እየበላም ነው!

ኮሶ መሰላቸው? ጮኽኩባቸው። በቤታቸው፣ በእናትነታቸው ላይ። ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡ።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ሰይድ ከነጭነት መኪናው ገባ። ባሌ ሹፌር ነው፤ መድኃኒቱን ከአ.አ. የሚያመጣው እሱ ነው። ነገርኩት። ፊቱ ተለወጠ። ከዚያ ዘረገፈው።

ዱቄቱ የሚሠራው ከአሳማ ቆሽት ነው።

ዶ/ሩ ከነገረው ቆይቷል። ለእናቱ ነግሯል። ለእኔ አልነገረኝም! ትጸየፊና ትተዪዋለሽ ብዬ ፈራሁ ይላል። እኔ የወለድኳት! መጸየፉንስ ተጸየፍኩ፣ አልዋሽህም። ግን እተዋለሁ? ከቤት ውጣልኝ አልኩት። መኪናው ውስጥ ተኝቷል።

ሰኞ፣ የካቲት 20

ግራና አልሄድኩም። መድኃኒቱን ሣጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩ። ሦስቱንም ጊዜ ራሴ አበላኋት።

ማታ እመት ዘሃራ ራሳቸው ጠሩኝ። ለካ ሸሁን ጠይቀዋል። የተቸገረ በሽተኛ ይፈቀድለታል ብለዋቸዋል። እሳቸው ግን በራሳቸው ሌላ ነገር አሰቡ። ለመድኃኒትነት ይሁን፤ ምግብ ላይ ከተነሰነሰ ግን ልጅቷ አሳማ በላች ማለት ነው፣ ሐላሉን እንጀራ አረከስኩባት ማለት ነው። ስለዚህ ከምግቡ አራቁት። በማር ያደረጉት ነቢዩ ፈውስ ነው ብለው የመሰከሩለት ነገር ስለሆነ ነው። ልጅቷን ከሐራም መጠበቃቸው ነበር።

ክፉ ቢሆኑ ይቀለኝ ነበር። አሁን ንዴቴን የት ላስቀምጠው? ሸሁ እንዲመጡ ላክሁባቸው።

ማክሰኞ፣ የካቲት 21

ሸሁ መጡ። ምግብ ላይ ካልሆነ የማይሠራ ከሆነ ምግብ ላይ ይሁን አሉ። በሁለት ቃል! ይህን ለመስማት የልጄ አፍ መቁሰል ነበረበት?

ዳይሬክተሩም ልኮብኛል፤ ነገ ካልተገኘሽ ሥራ የለሽም ብሎ። ሰይድም ነገ መንገደኛ ነው።

ምሳ። ቁልፉን ከአንገቴ ሳልፈታ ቆሜ አያለሁ። እመት ዘሃራ የመዲናን ምግብ ለብቻ በትንሽ ሳህን አወጡ። ሽሮው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። ሣጥኑን ከፍቼ ካፕሱሉን ሰጠኋቸው። ከፈቱት። ነሰነሱት። ጠቀለሉና ቢስሚላህ አሉ። «ወንጀል ካለው በእኔ ይሁን» ብለው አጎረሷት። እስክትጨርስ ካጠገቧ አልተነሱም፤ አፏንም አጉመጠመጧት።

ከዚያ ጓሮ ወጡ። እጃቸውን በአፈር አሹት፣ በውሃ ደጋግመው አጠቡት። ሳህኑንም እንዲሁ፤ አሳማ የነካው የሚጸዳው በዚህ ነው። እኔ ከሄድኩ ይህን በየቀኑ ሦስቴ ሊያደርጉት ነው፤ በዚያ በሚያማቸው ወገባቸው።

ንዴቴ አልበረደም። ሰይድን ገና አላናገርኩትም። እሳቸውንም ይቅርታ አላልኩም፣ እሳቸውም አላሉኝ።

ቁልፉን ከአንገቴ ፈትቼ አንገታቸው ላይ አሰርኩላቸው። የግራናው መኪና ንጋት ላይ ነው።