በጭብጨባ የተሞላ መጠይቅ

ሰኞ፣ ግንቦት 5

ስድሳውንም ቅጽ አበላሹብኝ! ለማስተርስ ጥናቴ ቤት ለቤት ዞሬ ስድሳ እናቶችን ለየብቻ ላነጋግር ነበር። ውሃ ለመቅዳት ቦኖው ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆሙ ነው የምጠይቀው። የቀበሌው ሊቀመንበር ቅጾቹን «ለምርመራ» ብሎ ወሰደ። ትናንት ስብሰባ ጠርቶ ጥያቄዎቹን አነበበ፣ እጅ አስወጣ፣ አስጨበጨበ። ጸሐፊው ስድሳውንም ሞላ። ወረፋ፦ ዐሥር ደቂቃ። በቤትዎ ውሃ የሚቀዳው ማን ነው? «ኅብረተሰቡ።» ስድሳ ጊዜ! እያንዳንዱ ላይ ማኅተም አለ።

«ጓድ፣ የወር ሥራዎን በግማሽ ቀን ጨረስንልዎት» አለኝ። ምስጋና ይጠብቃል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6

አማካሪዬ በዕድሜ ልጄ ቢሆን ነው። «ማኅተም ያለበትን መረጃ ማን ይጠይቃል? ሰንጠረዥ ያውጡለትና ይገላገሉ» አለኝ። ዓይኑን ግን መስኮቱ ላይ ነው የተከለው።

ሃያ ስድስት ዓመት አስተምሬአለሁ። ለኮረጀ ተማሪ ዜሮ ስሰጥ አመንትቼ አላውቅም። አሁን እኔ ልኮርጅ? ግን ሰኔ መጨረሻ ካላስረከብኩ የትምህርት ፈቃዴ ያበቃል። በዚህ ዕድሜዬ ሁለተኛ የሚሰጠኝ የለም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 7

እንደገና ልጠይቅ ብዬ ቀበሌ ሄድኩ። ሊቀመንበሩ ሳቁን ተወ። «ሕዝቡ መልሷል። ደግሞ መጠየቅ ሕዝቡን መጠራጠር ነው፤ ይጠራጠራሉ?»

«የለም» አልኩ። እንዲህ ብዬ ወጣሁ። ቤቴ እስክደርስ በራሴ ተናደድኩ። ባለቤቴ «ልጆች አሉህ» አለች።

መጠየቅ ከለከሉኝ። ማየትን ግን ማንም አልከለከለም።

ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ሰዓት እላፊው እንዳበቃ ከገርጂ በታች ያለው ቦኖ ደረስኩ። ሰው ሳይመጣ ባልዲና ጀሪካን ተሰልፏል። የእጅ ሰዓቴን እያየሁ ማን መቼ እንደመጣች፣ መቼ እንደቀዳች ጻፍኩ። ማንንም አልጠየቅሁም።

«ጋሼ፣ ባልዲ ረሱ እንዴ?» አለች አንዷ።

«ሚስታቸው አባርራቸው ነው!» ሳቁብኝ።

አንዲት ነፍሰ ጡር ጠጋ ብላ ምን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ። ሰዓት ነው አልኳት።

«እንግዲያው የኔ ባልዲ ትናንት ማታ ነው የተሰለፈው፤ ከዚያ ይቁጠሩልኝ!»

ከኋላ ሌላዋ «የኔ ደግሞ ከትናንት ወዲያ ባዶውን ተመለሰ፣ እሱንም ይጻፉ!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ሁሉም በየተራ። ሁሉንም ጽፌ አልደረስኩም። ጠዋቱን ዐሥራ ስምንት ሰው መዘገብኩ፤ ከሁለት ሰዓት በታች የቆመች አንዲት የለችም። ዐሥር ደቂቃ ይላሉ!

ሦስት ሰዓት ገደማ የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቶ መጣ። «እርስዎ እዚህ ምን ይሠራሉ?»

ነፍሰ ጡሯ ባልዲዋን እጄ ላይ አስጨበጠችኝ። «አጎቴ ናቸው፣ ወረፋ ይዘውልኝ ነው። ምነው፣ ወረፋም ተከለከለ?» ሴቶቹ ዞረው አፈጠጡበት። ጠመንጃውን አስተካክሎ ሄደ።

ደብተሬን ኮቴ ውስጥ ሸሽጌ፣ ተራዋ ሲደርስ ቀዳሁላት።

አማካሪዬ ይህን ይቀበል አይቀበል አላውቅም። ጥበቃውም ለሊቀመንበሩ ሳይናገር አይቀርም። ነገ ግን እመለሳለሁ፤ ባለቤቴ ሳልጠይቃት ባልዲ አውጥታ በር ላይ አስቀምጣለች።