ለሊቁ ብቻ የምትታየው ፒክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዛሬም ማግኔቱ ክፍል ዋልኩ። ሰዓት ውጭ፣ ቁልፍ ውጭ፣ የባንክ ካርድ ውጭ። አምና አንዱን ካርድ አስበልቼዋለሁ፣ ተምሬያለሁ።

እናቴ ደወለች። "ያቺ ነገር ታጠፈችልሽ ወይ?" ፔፕታይዴን ማለቷ ነው። ሰባት አሚኖ አሲድ ያላት፣ የፖሊመር ጭራ የቀጠልኩላት ሚጢጢ የፕሮቲን ቁራጭ። ሦስት ዓመት ሙሉ እንዴት እንደምትታጠፍ ለማወቅ ኤንኤምአር የሚባለው ትልቅ ማግኔት ውስጥ እየከተትኩ አወጣታለሁ። ማሽኑ ሃይድሮጅኖቿን አንድ በአንድ ያናግራቸዋል፣ መልሳቸው ስክሪን ላይ ብድግ ብድግ የሚሉ መስመሮች ነው። ፒክ እንላቸዋለን። እናቴ ይህን ሁሉ ሰምታ "ብቻ ቶሎ ትታጠፍ" አለችና ዘጋች።

ዛሬ ግን ጉድ ነው። ናሙናውን ያዘጋጀው ራሱ ሊቁ ነበር። አማካሪዬ ነው፤ ፊት ለፊት "ፕሮፌሰር" እለዋለሁ፣ እዚህ ማን ያየኛል? ክሎሮፎርም ውስጥ ያሟሟነውን በቀጭን የመስታወት ቱቦ (ፒፔት) አንገት ላይ ትንሽ ጥጥ ወትፈን እናጠልለዋለን። ጥጥ ማድቦልቦል አትችይበትም ይለኛል። ጸጉሩን በመዳፉ ዳበስ አደረገ፣ ጥጡን በጣቶቹ አድቦለቦለ፣ ወተፈ። ለካን… አዲስ ፒኮች! አንዷ ትልቅ፣ ሌሎቹ ትናንሽ። "ሁለተኛ ቅርጽ አላት ማለት ነው" አለ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 6

ብቻዬን ደገምኩት። ፒኮቹ የሉም። ሄጄ ብነግረው "ፔፕታይድ እጅ ያውቃል" አለኝ። ሳይንስ እንዲህ ነው እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

እሱ ሠራው። ፒኳም አለች።

ወዲያው ለዘንድሮው የኬሚስቶች ጉባኤ ማጠቃለያ ጽፎ ላከ። ለቅርጿ ስም እንኳን አውጥቶላታል፣ የራሱን። አቅራቢዋ ግን እኔ ነኝ። ጥቅምት 22፣ ሁለት መቶ ሰው ፊት። አንዱ ተነስቶ "እስቲ አንቺ ስትሠሪው አሳዪን" ቢለኝስ? ሦስት ዓመቴ አፈር በላ ማለት ነው።

ሰኞ፣ ጥቅምት 11

ማሽኑን የሚጠብቁትን ሽማግሌ ሁሉም ጋሽ ማግኔት ነው የሚላቸው። ስክሪኑን አዩና እጄ ላይ ምን እንደምቀባ ጠየቁኝ። ምንም። "ይሄ እኮ ልጄ፣ የሚቀባ ነገር ነው" አሉ። በዚህ ማሽን ያላዩት የለም። ቫዝሊን፣ የከንፈር ቀለም፣ አንዴ የታሸገ ሰርዲን። ምዬ ተገዘትኩላቸው። ሊቁ የወጣበትን በር አየት አደረጉና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ።

ከሰዓት ያገኘሁትን ሁሉ ለካሁ። ጓንት፣ ሳሙና፣ የእስክሪብቶ ክዳን። ምንም የለም። ጋሽ ማግኔት በሩን ያዩት ለምንድን ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሊቁ አድቦልቡሎ ያስተረፈውን ጥጥ በላስቲክ ጠቅልዬ ታላቅ እህቴ ጋ ወሰድኩ። ጸጉር ቤት አላት፣ የሚቀባ ሁሉ አይጠፋትም። አንዴ አሸተተችና፣ "ይሄማ የጸጉር ማብቀያው ነው" አለች። ራሷ ነች የምትሸጠው! ሠላሳ መላጣ ደንበኛ ራሳቸው እየመጡ ይገዟታል፣ ሌሎች ደግሞ ሰው ነው የሚልኩት አለችኝ፣ ስለሚያፍሩ።

ሊቁ! ከግራ ጆሮው በላይ የቀረችውን ጸጉር አሻግሮ ቀኝ ላይ የሚያስተኛት… ጥጥ ከመንካቱ በፊት ሁልጊዜ የሚዳብሳት…

አንድ ጠርሙስ ይዤ መጣሁ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

አንድ ጠብታ ለካሁ። ቁርጥ እሷው። የሊቁ "ሁለተኛ ቅርጽ" የራስ ቅባት ነው።

ጋሽ ማግኔት ግን አልጠገቡም። ጠርሙሱ ላይ "አሥራ ሁለት ዕፅዋት" ይላል፣ ታዲያ የዕፅዋቱ ፒክ የታለ? ከታች ካፌ ወርደው በማንኪያ ዘይት ይዘው መጡ። የሊቁን፣ የጠርሙሱን፣ የዘይቱን ፒኮች ስክሪኑ ላይ ደራረብናቸው። አንድ መስመር ሆኑ። ሰውየው ሆዳቸውን ይዘው ወለሉ ላይ ተቀመጡ። እኔም ሳቅሁ፣ ሳቅሁና… ማን ሊነግረው ነው?

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

አልነገርኩትም።

አርብ፣ ጥቅምት 15

በሩን አንኳኳሁ፣ ገባሁ፣ ስቴፕለር ተዋስኩ፣ ወጣሁ። ስቴፕለር አለኝ። ፈሪ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ነገርኩት።

በሩን ዘግቼ ሦስቱን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ደረደርኩ። ፔፕታይዷ በእሱ እጅ፣ ፔፕታይዷ በእኔ እጅ፣ ጠርሙሱ። አራተኛውን፣ የካፌውን፣ ደብቄ ያዝኩት። አንድ በአንድ አያቸው። እጁ ወደ ጸጉሩ ሄደና መንገድ ላይ ቆመ። በቃ ተባረርኩ አልኩ።

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ዕፅዋቱስ? የእነሱ ፒክ የት ነው?" አለ።

አራተኛውን ሰጠሁት።

"የመጥበሻ ዘይት ነው፣ ፕሮፌሰር።"

"ሁለት ዓመት" አለ። "ጠዋትና ማታ።"

አንጀቴን በላው። የምትሸጠው እህቴ መሆኗንም አልደበቅኩም፣ እሷም እንደተሸወደች ነገርኩት። ስለ ጉባኤው አንድም ቃል አልተነፈሰም። አቀርባለሁ ወይስ አላቀርብም? ምን ብዬ ልጠይቀው?

ማታ እህቴ ጠርሙሶቹን ከመደርደሪያ አወረደች። "መብቀል ጀመረልኝ የሚሉኝ ነበሩ እኮ" እያለች።

አርብ፣ ጥቅምት 22

አቀረብኩ።

ሊቁ ጠዋት ራሱን ሙልጭ አድርጎ ተላጭቶ መጣ። በር ላይ ያለው አስተባባሪ ባጁን ሁለቴ አየ። ስላይዶቹን ትናንት ራሱ አስተካክሎ ልኮልኛል። ሁለተኛዋ ቅርጽ ወጥታለች፣ ስሙም አብሮ። የቀረችው የእኔዋ ናት፣ እንደ መንጠቆ የምትታጠፍ አንዲት ፔፕታይድ። የፖሊመሩ ጭራ ዙሪያዋን ይጠመጠማል። ታምራለች፣ ምን ላድርግ።

ጥያቄ ላይ አንዲት ሴትዮ ተነሳች። ማጠቃለያው ሁለት ቅርጽ ይላል፣ አንደኛው የት ሄደ? ከፊት ወንበር ሊቁ ብድግ አለ።

"ጥያቄው ለእኔ ነው። ሁለተኛው ቅርጽ የእኔ የጸጉር ማብቀያ ነበር። ጥጡን የነካሁት እኔ ነኝ። እሷ በትክክል ሠርታለች።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እሱም ሳቀ። እኔ ግን እንባዬ መጣ፣ እዚያው መድረኩ ላይ።

በሻይ እረፍት ስለ ፔፕታይዷ የሚጠይቀኝ አገኛለሁ ብዬ ከአዳራሹ ውጭ የለጠፍኩት ፖስተሬ ጋ ቆምኩ። መጀመሪያ አንድ መላጣ ዶክተር መጣ። ግራ ቀኝ አየና ከኮቱ ኪስ ጠርሙስ ብቅ አደረገ። "ይቺንስ ብትለኪልኝ?" ከኋላው ሌላ ቆሟል። ከእሱ ኋላ ደግሞ ሌላ ሁለት፣ እንደማይተዋወቁ ሆነው።

ማሽኑን ለሰኞ አስይዣለሁ። አራት ናሙና።