በእግራቸው የተተካውን ያሠለጠኑት የአቶ ምንይሉ አድማሱ የሕይወት ታሪክ

አቶ ምንይሉ አድማሱ በ1953 ዓ.ም. በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው አቶ አድማሱ ወልዴ የስፌት መኪና ጠጋኝ፣ እናታቸው ወይዘሮ ሰርክ ተፈራ የቤት እመቤት ነበሩ። ትምህርታቸውን እዚያው ተከታትለው በ1977 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ከአገር ወጡ። ገዳሪፍ በስደት ከቆዩ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1987 ሎስ አንጀለስ ገቡ።

መጀመሪያ ዳውንታውን በሚገኝ ፓርኪንግ ተቀጥረው ሠሩ፤ ጎን ለጎንም ኮሌጅ ገብተው ኮምፒውተር ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1996 ግሌንዴል በሚገኝ አንድ የኢንሹራንስ ኩባንያ በፕሮግራመርነት ተቀጠሩ። በዚያው ዓመት ከወይዘሮ ፅጌ ለይኩን ጋር ጋብቻቸውን ፈጸሙ፤ በኋላም ልጃቸውን እየሩስን አፈሩ። ከሚኖሩበት ከቫን ናይስ እየተመላለሱ ሲሠሩ ትራፊኩ አማረረኝ ብለው አያውቁም። ሬዲዮውን ዘግተው የቸገራቸውን ኮድ በሐሳባቸው እየፈቱ ይነዱ ነበር። ሥራቸውን ይወዱት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2015 ኩባንያው የኮምፒውተር ክፍሉን ሥራ ለሌላ ድርጅት በኮንትራት ሰጠ። ድርጅቱ ሠራተኞቹን በሥራ ቪዛ ከሕንድ የሚያመጣ ነበር። ነባሮቹ የስንብት ክፍያ እንዲያገኙና የጤና ኢንሹራንሳቸው ለጥቂት ወራት እንዲቀጥልላቸው ከፈለጉ፣ በእግራቸው የሚተካውን ሰው አሠልጥነው መሄድ ነበረባቸው። ወይዘሮ ፅጌ ያን ጊዜ የካንሰር ሕክምና ላይ ስለነበሩ አቶ ምንይሉ ምርጫ አልነበራቸውም። ኩባንያውን መክሰስ በሚከለክለው ውል ላይ ፈረሙ።

የመጀመሪያው ቀን ቤት ሲገቡ ጫማቸውን እንኳ ሳያወልቁ፣ «ፅጌ፣ ዛሬ ሥራዬን ለሚወስደው ልጅ ወንበር ስቤ አስቀመጥኩት» አሉ። ወይዘሮ ፅጌም እጃቸውን ያዙ።

ተተኪው ካርቲክ የሚባል ከሕንድ፣ ከቼናይ ከተማ የመጣ ወጣት ነበር። ሥልጠናው ሊያልቅ ሲል አንገቱን ደፍቶ፣ «ሰር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቪዛዬ በእነሱ እጅ ነው፤ እምቢ ብል ይመልሱኛል» አላቸው። አቶ ምንይሉም «አውቃለሁ። በል ቀጣዩን ፋይል ክፈት» ብለው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። ያልፈረሙ ባልደረቦቻቸው ክስ ሊመሠርቱ ሲነሱ፣ እሳቸው የፈረሙት ውል ስለሚከለክላቸው አብረው መቆም አልቻሉም። ይህ ነገር እስከ ዕለተ ሞታቸው ሲከነክናቸው ኖሯል።

ወይዘሮ ፅጌ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳኑ። አቶ ምንይሉ ግን ሥራ ቢያመለክቱም፣ ኢንተርቪው ቢጠሩም፣ ፊታቸውን ካዩ በኋላ ተመልሶ የደወለላቸው አልነበረም። በመጨረሻ በራሳቸው መኪና ሰው ወደ ማመላለሱ ገቡ።

እ.ኤ.አ. በ2021 የእህታቸው ልጅ ሶፎንያስ ወንድይፍራው አንድ የሎንግ ቢች ድርጅት ቀጥሮት በዚያው ዓይነት ቪዛ ከአዲስ አበባ መጣ። አቶ ምንይሉ ኤርፖርት ተቀብለው ቤታቸው አስገቡት። ይህን የሰሙት ጓደኛቸው አቶ ደመቀ፣ ፌርፋክስ መንገድ በሚገኝ የሐበሻ ምግብ ቤት ምሳ ላይ፣ «አንተን ያስወጣህ ይኸው ቪዛ አይደለም እንዴ? የማንን ወንበር ሊይዝ እንደመጣ ጠይቀኸዋል?» አሏቸው። አቶ ምንይሉ ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩት። «ጠይቄዋለሁ። እሱም አያውቅም» አሉ። «እና ምን ላድርግ ደመቀ? ሜዳ ላይ ልተወው?»

ብዙም ሳይቆይ የአቶ ምንይሉ ኩላሊት ታመመ። ኢንሹራንስ ባልነበራቸው ዓመታት ምርመራውን ሲያስተላልፉት በመክረማቸው፣ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ደምን በማሽን ከማጣራት፣ ከዲያሊሲስ፣ ሌላ መፍትሔ አልነበረም። ሶፎንያስ ሥራውን ከአለቆቹ ጋር አመቻችቶ ይወስዳቸውና ደግፎ ይመልሳቸው ነበር። ማሽኑ ላይ ሳሉም ላፕቶፑን ከፍቶ አጠገባቸው ይቀመጣል፤ ስለ ኮድ ሲከራከሩ ነርሶቹ ይስቁባቸው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ላይ ግን የሶፎንያስ ድርጅት ሠራተኛ ሲቀንስ እሱም አብሮ ተቀነሰ። ጠበቃ አማከሩ፤ በሕጉ በተሰጠው አጭር ጊዜ ውስጥ ሌላ አሠሪ ካልተገኘ መውጣት ግድ መሆኑን ነገራቸው። ቤተሰቡ በሙሉ፣ አቶ ደመቀ ሳይቀሩ፣ ያላንኳኩት በር የለም። አልተገኘም።

ሻንጣው ተዘግቶ ሳለ ሶፎንያስ፣ «ጋሼ፣ አልሄድም። የመጣው ይምጣ፣ እርስዎን እንዲህ ጥዬ አልሄድም» ብሎ አለቀሰ። አቶ ምንይሉ ከአልጋቸው ተደግፈው ተነሱና፣ «ወረቀትህን በእኔ ምክንያት አታበላሽም። ሂድ ልጄ፣ እኔ የትም አልሄድም» ብለው ሸኙት። በሩ ሲዘጋ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ከዚያ በኋላ ልጃቸው እየሩስ ብታስታምማቸውም ጉልበታቸው እየደከመ ሄደ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 18 ቀን 2025 ባለቤታቸውና ልጃቸው ባሉበት በስልሳ አምስት ዓመታቸው ዐረፉ።

አቶ ምንይሉ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ፅጌን፣ ልጃቸውን እየሩስንና አዲስ አበባ የሚገኙ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ሶፎንያስ ለቀብር ለመምጣት ቪዛ ጠይቆ ተከልክሏል። ይህ ታሪክ በሚነበብበት በዚህ ሰዓት እየሩስ በያዘችው ስልክ ላይ እያዳመጠ ነው፤ ከጸሎቱ በኋላ ወደ ስልኩ ቀረብ ብላችሁ አጽናኑት።

እግዚአብሔር የአባታችንን ነፍስ ማንም ተነስ ከማይላቸው ስፍራ ያሳርፍልን። አሜን።