የአባባ ንጹሕ ግቢ

ሰኞ፣ ግንቦት 3

የፀጉር ማስያዣዬ ከጉድጓድ ወጣች! ቢጫዋ። አምና ጓሯችን ድንች ስንቆፍር የጠፋችው። ግን የተገኘችው ጓሯችን አይደለም፤ አያቴ አባባ ከሚጠብቁት ከአሮጌው ጋራዥ ግቢ ነው። እንዴት ሆኖ?

ጋራዡ ከተዘጋ ቆይቷል። አሁን ቦታው ላይ መዋዕለ ሕፃናት ይሠራል ተብሏል። ታናሽ ወንድሜ መኩ እዚያ ሊገባ ነው፤ መሠረቱ ሳይቆፈር እማዬ ቦርሳ ገዝታለታለች። መጀመሪያ ግን አፈሩ ይመርመር ተብሎ ሰላም የምትባል ባለሙያ ከባሕር ዳር መጣች። ሽጉጥ የመሰለ መሣሪያ አላት። አፈሩ ላይ ስትደግነው ምን ዓይነት ብረት እንዳለበት በቁጥር ያወጣል።

አባባ ካፖርታቸውን እስከ አንገት ቆልፈው፣ "ልጄ፣ መሬቱ ምን አጥፍቶ ነው የምትደግኚበት?" አሏት።

ክንድ ያህል ቆፈረች። ደገነች። አፈሩን በጠርሙስ ውሃ በጠበጠች፣ አሸተተች። ዘይት የለም። እርሳስ የሚባለው መርዛም ብረትም የለም።

"ሰላሳ ዓመት ጋራዥ የነበረ ግቢ እንዴት እንዲህ ንጹሕ ይሆናል?"

"ጥበቃው ማን ሆነና!" አሉ አባባ። ዘይቱንም በፊሽካ ሲያባርሩት የኖሩ ይመስል!

ከዚያ ማስያዣዬ ብቅ አለች። ማንም ሳያየኝ ኪሴ ከተትኳት።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

እስካሁን የደረስኩበት፦
– ባለፈው ሳምንት እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ የጎረቤት አህያ ሦስት ቀን ጆንያ ተጭና በእኛ በር ስትመላለስ ሰንብታለች።
– የአባባ አካፋ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል።
– አባባ ወገባቸውን ይዘው ነው የሚሄዱት። "ስግደት ነው" ይላሉ። በበዓለ ሃምሳ እንደማይሰገድ መኩ እንኳ ያውቃል!

ፊት ለፊት ጠየቅኳቸው። መካድ ቀርቶ ኮሩ።

"እንግዳ ሲመጣ ቤት አይጠረግም? ያን ዘይት የጠጣ አፈር ላሳያት? ቆሻሻውን ዛቅኩና ከድንቹ መደብ ንጹሑን አለበስኩት።"

"ጥቁሩንስ የት ጣሉት?"

"ጥቁር አፈር ይጣላል እንዴ? ጎመኑ ሥር ነዋ።"

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ቆመ።

"ዘንድሮ ብቻ ነው አይደል፣ አባባ?"

"በየዓመቱ ነው እንጂ! አሮጌ ባትሪ ይፈታበት ከነበረው ጥግ አመጣለሁ። የጎመናችን ቅጠል ጃንጥላ የሚያህለው በምን መሰለሽ?"

(በእማዬ ፍግ ነው።)

መኩ ጎመን ነፍሱ ነው። አፈሩንም ስንቴ ከአፉ አውጥቻለሁ። ባትሪ ውስጥ ደግሞ ያ ሰላም የምትፈልገው እርሳስ አለ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 5

ሰላም ዛሬ ወደ ባሕር ዳር ተመላሽ ናት። ዝም ካልኩ ንጹሕ ነው ብላ ትጽፍና ሕፃናት ከሥሩ ዘይት ባለበት መሬት ላይ ይንከባለላሉ። ከተናገርኩ አባባ የሰፈር መሳቂያ ይሆናሉ። በእሳቸው መሳቅ ደግሞ የእኔ ሥራ ነው፣ ለሌላ አልሰጥም።

ጠዋት ማስያዣዋን ፊታቸው አስቀመጥኳት። "ከጉድጓዱ ነው የወጣችው። ወይ እርስዎ ይንገሯት ወይ እኔ።"

"አንቺ ሰላይ!" ብለውኝ ወጡ። ተደብቀው ሊውሉ መስሎኝ ተከተልኳቸው። ለካ የሰላም መኪና ፊት ቆመው ፊሽካ እየነፉ ነው!

"ውረጂ ልጄ። አፈሩን የቀየርኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ ጓሮዬን እዪልኝ።"

ሰላም ጎመኑ ሥር ደገነች። የእርሳሱን ቁጥር አየች። አጥፍታ እንደገና ደገነች። ጠርሙሱ ውስጥ ዘይቱ ከላይ ተንሳፈፈ።

"ይህን ጎመን ማን ነው የበላው?"

እማዬ ወደ አባባ ዞረች፣ አባባ ወደ እኔ።

መኩ እጁን አወጣ። "እኔ!"

እማዬ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ጎመኑ ተነቀለ። ሆስፒታል ሄደን አራታችንም ለእርሳስ ምርመራ ደም ሰጠን። አዲስ አበባ ተልኮ ነው የሚታወቀው፤ መቼ እንደሚመጣ አልነገሩንም። ሐኪሙ መኩን "ደህና ይመስላል" አለ። ይመስላል!

አባባ ለመርፌው ቀድመው እጃቸውን ዘረጉ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። "አባባ ፈሩ!" አለ መኩ። ሌላ ቀን ቢሆን እኔ የምለው ነገር ነበር። አልመጣልኝም።

ከሰዓት ሰላም አባባን ይዛ ጋራዡን ዞረች። የቱ ጋ ዘይት እንደሚደፋ፣ የቱ ጋ ባትሪ እንደሚፈታ አንድ በአንድ አሳዩዋት። እሷ ምልክት ትተክላለች፣ በጥልቀት ሊቆፈር ነው። "እርስዎ ባይኖሩ በወርም አልጨርሰው" አለቻቸው። ደረታቸውን አልነፉም።

ማስያዣዬንም አሳየኋት። ደግናባት፣ "ንጹሕ ናት፣ አድርጊያት" አለችኝ። ሦስቴ በሳሙና አጥቤ መስኮቱ ላይ አሰጣኋት። ደርቃለች። የመኩ ውጤት ሳይመጣ ፀጉሬ ላይ አላደርጋትም።