ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ጨርቅ

ኦሃዮ

ለልጄ ለኤኖስ፤ የጌታ ሰላም ባለህበት ይድረስህ። እኛ ስሙ ይመስገን አለን።

በቆሎው ጥሩ በቅሏል። እናትህ ዘንድሮ የአትክልት ቦታዋን ለጎረቤት ሰጥታ፣ አልጋዋን በመንገዱ በኩል ወዳለው መስኮት አስጠግታለች።

ማኅበራችን የከለከለውን መኪና ገዝተህ ስለተወገዝክ፣ በሕጉ ከአንተ ጋር በአንድ ገበታ አልቀርብም። ሕግ አልሽርም። ስለዚህ ሁለት ጠረጴዛ ሠርቼ፣ በመካከላቸው አንድ ጣት ክፍተት ትቼ፣ አንድ ጨርቅ አለበስኳቸው። የማኅበሩ አለቃ ዮስት መጥቶ አየና፣

«አንተ ግትር፣ ሕጉን ልታታልል ነው?» አለኝ።

«ክፍተቱ አለ፤ እጅህን ሰደህ ለካ!»

«ጨርቁስ?»

«ፍቅርን የሚከለክል ሕግ ካለህ አንብብልኝ!»

ባርኔጣውን አድርጎ ሄደ።

ለመከር እመጣለሁ ብለሃል። መከር ለእናትህ ሩቅ ነው፤ ለእሑድ ድረስ።

ጌታ መንገድህን ያቅናልህ። እናትህ ትስምሃለች።

አባትህ ሜኖ