ኤብላ በሕይወት ሳለች ስለተቆፈረው መቃብር

ለተከበሩ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ
ጅጅጋ

ከእግር ጥፍርዎ እስከ ራስ ጠጉርዎ ጤና እንዲሆኑ፣ እንቅልፍዎም የሰላም እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ፤ በእርስዎ ክፍል ከባድ እንቅልፍ መተኛት ምን እንደሚያስከትል ስለማውቅ ግን ምኞቴን ቤትዎ ለሚያድሩባቸው ቀናት ብቻ ይያዙልኝ።

እኔ ሪድዋን እባላለሁ፤ ጨርቅ ነጋዴ ነኝ። አምና ከደገሀቡር ስትመጣ ሚኒባስ የተገለበጠባት ኤብላ የእህቴ ልጅ ናት። ዘመድ ሲታመም ከሐኪም ጋር በአማርኛ የምነጋገረው እኔ ነኝ፤ በዚህም እኮራ ነበር።

1. የሚያስተኛው መድኃኒት በክንዷ እየገባ ሳለ ዐይኗ ላይ ባትሪ አብርተው፣ ስሟን ሁለት ጊዜ ጠርተው፣ የአንጎሏ ግንድ ሞቷል፣ እሷም አልቆላታል ብለው ስለወሰኑ አመሰግናለሁ። የፈጀብዎ ጊዜ እኔ አንድ ጨርቅ ለመለካት ከሚፈጅብኝ ያንሳል፤ ያውም እኔ ሳልቆርጥ በፊት ሁለቴ ነው የምለካው።

2. ነርስ ሔርሜላ መድኃኒቱ ቆሞ ከሰውነቷ እስኪወጣ መጠበቅ እንደሚገባ፣ በመድኃኒት የተኛን ሰው መርምሮ ሞቷል ማለት እንደማይቻል በትሕትና ስታሳስብዎ፣ ቦታዋን እንድታውቅ በሰው ፊት ስላስተማሯት ምስጋናዬ ወደር የለውም። እህል ቢሆን የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባል ነበር፤ ሰው ግን ከፈሰሰ አይለቀምም።

3. ይህኛው ቅሬታ በእርስዎ ላይ አይደለም። ሔርሜላ ስትናገር አጠገቧ ቆሜ ሰምቻለሁ፤ በደንብም ገብቶኛል። ነገር ግን ሐኪምን መጠየቅ ነውር መስሎኝ የነርሷን ቃል ዋጥ አድርጌ፣ የእርስዎን ብቻ ወደ ሶማሊኛ መልሼ፣ እህቴን ዐርዶን ልጅሽ ሞታለች አልኳት። አፈርኩ፤ ይህን ስጽፍም እያፈርኩ ነው። በእኛ ደንብ ሟች አይቆይምና የአስር ሶላት ሳይሰገድ መቃብሩ ተቆፈረ፤ ዘመድም ከቀብሪበያ ለቀብር መጣ።

ሔርሜላ ግን ይነቀል ያሉትን የመተንፈሻ ማሽን አልነቅልም አለች። ሌላ ሐኪም ጠርታ መድኃኒቱን አስቆመች። በሦስተኛው ቀን የኤብላ የጉሮሮ ቱቦ ሲጸዳ ሳል ያዛት፤ የሞተ አንጎል ደግሞ አያስልም፤ ዛሬ በምርኩዝ ትሄዳለች።

ፍጥነትዎን የሚያደንቅ፣ በጥፋት ከእርስዎ የማያንስ፣
ትሑት አስተርጓሚዎ ሪድዋን

ሳልረሳ፦ ስሜ በቤታቸው ይነሳ ይሆን ብለው ከቶ እንዳይሰጉ። ዐርዶ እርስዎን አታውቅዎትም፤ ልጅሽ ሞታለች ስላት የሰማችው እኔን ነው። ልጠይቃቸው ስሄድ በምርኩዟ መጥታ በሩን የምትከፍትልኝ ኤብላ ናት፤ እናቷ ከተቀመጠችበት አትነሳልኝም።